«ብሪፍ አያስፈልግም፤ ቡና ይበቃል» ላሉት ጸሐፊ፦ ከሱሉልታ የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በነጋዴዎች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔም ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። አንደኛው ታላቅ ወንድሜ ነው። «አየህ፣ ለካ በከንቱ ነው የምንደክመው» የሚል ጨምሮበታል። ለወንድሜ እራት ላይ መለስኩለት። ለጽሑፉ ግን ቁጭ ብዬ መመለስ አለብኝ።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይኸውና። ማሸጊያ፣ ማስታወቂያ ወይም ሎጎ ለማሠራት ወደ ክሪኤቲቭ ኤጀንሲ የሚሄድ ነጋዴ በጽሑፍ ብሪፍ፣ ማለትም ምን እንደሚፈልግ፣ ለምንና ለማን እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት፣ ማዘጋጀት አያስፈልገውም። አንደኛ፣ ብሪፍ የፈረንጅ ወግ ነው፤ በእኛ አገር ሥራ የሚሠራው ቡና ላይ፣ በቃልና በመተማመን ነው። ሁለተኛ፣ ባለሙያ ምን እንደሚሠራ አይነገረውም። ሦስተኛ፣ የሚወዱትን ናሙና ማሳየት ከአሥር ገጽ ወረቀት ይበልጣል። አራተኛ፣ ደንበኛህ ማነው ሲሉህ «ሁሉም ሰው» በል፤ ገበያህን በገዛ እጅህ አታጥብብ። አምስተኛ፣ በጀትህን ደብቅ። ስድስተኛ፣ ብሪፍ የባንክና የትልቅ ፋብሪካ ነገር እንጂ የትንሽ ነጋዴ ሥራ አይደለም።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ቅሬታቸው ግን ይገባኛል። ብዙ ነጋዴ ኤጀንሲ ቢሮ ገብቶ በማያውቀው ቃል ተደናግሮ ወጥቷል። አሥራ ምናምን ገጽ ፎርም ተሰጥቶት «ይህን ሞልተህ ና» የተባለም አለ። እንዲህ ያለውን ፎርም እኔም አልወድም። ፎርሙን ጠልቶ ሐሳቡን መጣል ግን ሌላ ነገር ነው። የእሳቸውን ምክር የተከተለ ሰው ገንዘቡን ያጣል። ይህን የምለው እኛ አጥተን ስላየነው ነው።

እኔና ወንድሜ ሱሉልታ ውስጥ አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ አለን። ከአዲሱ ገበያ ተነስታችሁ በጎጃም መንገድ ሽቅብ ስትወጡ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ማለት ነው። ጠዋት ጭጋጉ ሳይገፈፍ ሯጮች በአስፋልቱ ዳር ያልፋሉ። ገበሬዎች ወተታቸውን ይዘው በራችን ላይ ይሰለፋሉ። እኛ ተቀብለን፣ መርምረን፣ ፓስቸራይዝ አድርገን በግማሽ ሊትር ላስቲክ እናሽጋለን። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሱቆች እናወርዳለን። ስለ ማሸጊያና ስለ ማስታወቂያ የማውቀው ሁሉ የመጣው ከዚህ ላስቲክ ነው።

«ሥራ በቃልና በመተማመን ነው» ለሚለው

የመጀመሪያውን ማሸጊያችንን ያሠራነው ልክ ጸሐፊው እንደሚመክሩት ነበር። አዲሱ ገበያ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር ተቀመጥን። ጎበዞች ነበሩ። ሥራቸውን ይወዳሉ። ሁለት ሰዓት አወራን። «ዘመናዊ ይሁን፣ ንጹሕ ይሁን፣ ጥራት ይታይበት» አልኳቸው። እሺ አሉ። ተጨባብጠን ተለያየን። ማታ ደግሞ ወንድሜ ደወለላቸውና «ባህላዊ ነገር አይጥፋበት» አላቸው። መደወሉን እኔ አልሰማሁም።

በሦስተኛው ሳምንት ሥራው መጣ። እኔ «ዘመናዊነቱ የታለ?» አልኩ። ወንድሜ «ቅሉስ የታለ?» አለ። ቀጥሎ የቋንቋው ነገር ተነሣ። እኔ ማሸጊያው ላይ አማርኛና ኦሮምኛ እኩል ይጻፍ ማለቴን አስታውሳለሁ። እነሱ ደግሞ «ኦሮምኛው በኋላ ይጨመራል ብለኸናል» አሉ። ማናችንም አልዋሸንም። ሁላችንም ያስታወስነው ለየራሳችን የጣመንን ነው። አራት ጊዜ ተሠራ፣ አራት ጊዜ ተመለሰ። በመጨረሻ ልጆቹ ተሰላቹ። እኛም እያንዳንዷን ማስተካከያ በጥርጣሬ ማየት ጀመርን። በፈገግታ የተጀመረው ወዳጅነት በዝምታ አለቀ። እነዚያን ልጆች ዛሬ መንገድ ላይ ባገኛቸው ምን እንደምላቸው አላውቅም።

ደግሞስ ባህላችን የቃል ብቻ ነው ያለው ማነው? ዕድራችን መተዳደሪያ ደንብ አለው። ቤት ስንከራይ በምስክር ፊት ውል እንፈርማለን። ሠርግ ሲደገስ እናቶች በርበሬው ስንት ኪሎ፣ ቅቤው ስንት፣ ጠላው ስንት ጋን እንደሚሆን በደብተር ያሰፍራሉ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል የራሳችን ነው። ከማንም አልተዋስነውም።

ብሪፍ የሚለው ቃል የፈረንጅ መሆኑ እውነት ነው። በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለንደን ውስጥ ሁለት ኤጀንሲዎች አዲስ የሥራ መደብ ፈጠሩ። ሥራው ሸማቹን ማጥናትና ያጠኑትን ለዲዛይነሮቹና ለማስታወቂያ ጸሐፊዎቹ ማስረዳት ነበር። የፈጠራውን ብሪፍ መጻፍ የዚህ ባለሙያ ዋና ተግባር ሆነ። መደቡን የፈጠሩት ሸማቹን የማያውቅ ሰው ማስታወቂያ ሲሠራ ምን እንደሚመጣ ስላዩ ነው። ያ ችግር ለንደን ብቻ አልቀረም።

አንድ ነገር ላብራራ። ሁለት ዓይነት ብሪፍ አለ። አንዱን የሚጽፈው ነጋዴው ነው። ንግዱን፣ ችግሩን፣ ገዢውንና የሚፈልገውን ውጤት ይናገራል። ሁለተኛውን የሚጽፈው ኤጀንሲው ነው። የነጋዴውን ወስዶ ለራሱ ሠራተኞች በሚገባ መልክ ያጠብቀዋል። እዚህ የምከራከርለት የመጀመሪያው ነው። እሱ ከሌለ ሁለተኛው በግምት ይጻፋል።

«ባለሙያ ምን እንደሚሠራ አይነገረውም» ለሚለው

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። «ሎጎውን አተልቀው፣ ቀዩን ትንሽ ወደ ቀኝ አድርገው» እያለ ዲዛይነር ጀርባ የሚቆም ባለንብረት ሥራ ያበላሻል። እኔም አበላሽቻለሁ።

ግን ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ሸማኔ ፊት ቁሙ። መወርወሪያውን እንዴት እንደሚወረውር አታስተምሩትም። ለሠርግ ይሁን ለክርስትና፣ ለእናት ይሁን ለሙሽራ፣ ለመቼ እንደሚደርስ ግን ትነግሩታላችሁ። ሳትነግሩት ብትሄዱ እሱ ራሱ ይጠራችኋል። ብሪፍ የሚይዘው ይህንኑ ነው። «እንዴት» የሚለው የባለሙያው ድርሻ ነው። «ለምን»፣ «ለማን» እና «መቼ» የባለቤቱ ናቸው። ባለቤቱ ካልመለሳቸው ባለሙያው በራሱ ግምት ይመልሳቸዋል። ሲሳሳት ደግሞ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው «ለምን» ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብሪፍ ገንዘብ የሚያድነው እዚህ ጋ ነው።

ከዓመታት በኋላ ወደ ሌላ ኤጀንሲ ሄድን። በጎጃም መንገድ ዳር ቢልቦርድ ልናሰቅል ነበር ሐሳባችን። አንዲት ሴት ተቀበለችን። ከማውራታችን በፊት ወረቀት ሰጠችንና «ችግራችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉልኝ» አለች። እኛ «ሰው አያውቀንም» ብለን ጻፍን። አነበበችውና «በምን አወቃችሁ?» አለችን። ወንድሜ እኔን አየኝ። እኔም እሱን አየሁት። መልስ አልነበረንም። ሽያጭ አልጨመረም፤ ስለዚህ ሰው አያውቀንም ብለን ደምድመን ነበር።

«ከመጻፋችሁ በፊት ሱቆቹን ዞራችሁ እዩ» አለችን። ሁለት ቀን ፈጀን። ከአዲሱ ገበያ እስከ ሰሜን ሆቴል፣ ከዚያ ወደ ዊንጌት በእግር ዞርን። ሃያ ምናምን ሱቅ ገባን። ያገኘነው ካሰብነው ጋር አይገናኝም። ሰው ያውቀናል። ወተቱንም ይወደዋል። የገፉን ባለሱቆቹ ነበሩ። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ይቆማል፣ ወተቱ ይበላሻል። ሌሎች አከፋፋዮች የተበላሸውን ይቀይሩላቸዋል። እኛ አንቀይርም ነበር። ስለዚህ የእኛን ጥቂት ብቻ ይወስዳሉ፤ እሱንም ከኋላ ያስቀምጡታል። አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ «ልጄ፣ ወተትህ ጥሩ ነው። ስጋቱ ግን የእኔ ብቻ ሆነ» አሉኝ። ይህን ሲሉኝ ለመቀመጥ የሚሆን ሣጥን አቀረቡልኝ። እስከዛሬ አልረሳውም።

ያን ማታ ዓረፍተ ነገሩን ቀየርነው። «ባለሱቆች ወተታችንን በብዛት ለመያዝ ይፈራሉ፤ ቢበላሽ ኪሳራው የእነሱ ነው» ሆነ። ይህ ከተጻፈ በኋላ የመፍትሔው ግማሽ የእኛ መሆኑ ግልጽ ሆነ። የተበላሸውን መቀየር ጀመርን። ለኤጀንሲው የቀረው ሥራ አነሰ። በሁለት ቋንቋ የተጻፈ፣ የመቀየር ቃላችንንና ስልካችንን የያዘ የማቀዝቀዣ ስቲከር ሠሩልን። የሚያበቃበት ቀን ላስቲኩ ላይ ከሩቅ እንዲታይ አደረጉ። ቢልቦርዱ ቀረ። ለቢልቦርድ ልናወጣ ያሰብነው ገንዘብ ከዚህ ሥራ ጋር አይወዳደርም።

አሁን ጸሐፊውን ልጠይቃቸው። ባለሙያውን ምንም ሳንነግረው «ቢልቦርድ ሥራልን» ብለን ብንሄድስ? የሚያምር ቢልቦርድ ይሠራልን ነበር። የሽማግሌው ፍርሃት ግን ባለበት ይቆይ ነበር።

«ናሙና ማሳየት ይበቃል» ለሚለው

ናሙና ክፉ አይደለም። እኛም በመጀመሪያው ሥራ ናሙና አሳይተናል። ከውጭ አገር የመጣ የወተት ካርቶን ፎቶ ነበር። ሰማያዊና ነጭ፣ አረንጓዴ መስክ ላይ የቆመች ላም። «እንደዚህ አድርጉልን» አልን። አደረጉት።

ችግሩ ናሙናው የካርቶን መሆኑ ነው። ካርቶን ጠፍጣፋ ነው፤ ሥዕሉ እንደተዘረጋ ይቆማል። የእኛ ላስቲክ ወተት ሲሞላበት ያብጣል፣ ይጨማደዳል። የላሟ ፊት ተጣመመ። ትንንሹ ጽሑፍ እጥፋቱ ውስጥ ገባ። በዚያ ላይ ሥዕሉ ብዙ ቀለም ነበረው። በላስቲክ ኅትመት ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፕሌት፣ የማተሚያ ሰሌዳ፣ ይሠራለታል። ቀለም በጨመረ ቁጥር ወጪ ይጨምራል፣ ማሽኑም የሚይዘው የቀለም ብዛት አለው። ይህን ያወቅነው ዲዛይኑ ካለቀ በኋላ ማተሚያ ቤት ስንሄድ ነው። ቀለሞቹ ሲቀነሱ መስኩ ጠፍጣፋ አረንጓዴ ሆነ። ላስቲኩን ግን አሳተምነው። አንድ ባለሱቅ ከሌላ ወተት ጋር እያምታታ ለወራት በዚያ ስም ሲጠራን ኖረ።

የቋንቋውንም ነገር አሁን ልጨርሰው። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። «ወተት» በአማርኛ ሦስት ፊደል ነው። በኦሮምኛ ያው ቃል በቁቤ ሲጻፍ ስድስት ፊደል ይሆናል። ቁቤ የሚረዝመውን አናባቢም ሆነ የሚጠብቀውን ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጽፋል። ስለዚህ ለአማርኛ ብቻ የታሰበ ቦታ ላይ ኦሮምኛ በኋላ ልጨምር ካሉ አይገባም። ፊደሉ እስኪጠፋ ማሳነስ ይመጣል። ሱሉልታ ላይ ተቀምጦ የአካባቢውን ሰው ቋንቋ በማይነበብ ፊደል መጻፍ ያሳፍራል። እኛን አሳፍሮናል። ወተቱን የሚያመጡልን ገበሬዎች ናቸው ላስቲኩን አገላብጠው ያዩት።

የአማርኛው ጽሑፍም የራሱ ጣጣ ነበረው። ጽሑፋችንን የላክነው በድሮ የኮምፒውተር ፊደል ተጽፎ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፊደሎች የየራሳቸው አሠራር ስላላቸው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የማይነበብ ምልክት ይሆናሉ። ልጆቹ ከፎቶ እያዩ እንደገና ጻፉት። ወተቱ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚናገረው መመሪያ ላይ አንድ ቃል ተዘለለ። ያየነው ከታተመ በኋላ ነው።

ስለዚህ ናሙና አሳዩ፤ ግን ከጎኑ ጻፉበት። ምኑን ነው የወደዳችሁት? ቀለሙን? ጸጥታውን? የጽሑፉን ትልቅነት? የማትወዱትንም ሁለት ናሙና ጨምሩ። እኔ ከወደድኩት ይልቅ ከጠላሁት ብዙ ይማሩብኛል። ደግሞ ናሙና የማይናገረውን ዝርዝር ብሪፉ ይናገር፦ ምን ላይ እንደሚታተም፣ ልኩ፣ የቀለም ብዛት፣ በዩኒኮድ የተጻፈና ቋንቋውን በሚያውቅ ሰው የታየ የመጨረሻ ጽሑፍ፣ መቅረት የሌለበት የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን።

መባል የሌለበትንም ጻፉ። ወንድሜ «ከሁሉም የሚበልጥ ወተት» ማለት ይወዳል። በምን እናረጋግጣለን? የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ልናስረዳው የማንችለውን ነገር ዲዛይነሩ እንዳይጽፍ ቀድሞ ማወቅ አለበት።

«ደንበኛህ ሁሉም ሰው ነው በል» ለሚለው

ይህኛው ምክር ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በጣም የሚያጓጓ ነው። የትኛው ነጋዴ ነው ገዢ እንዲቀንስበት የሚፈልገው?

የመጀመሪያው ማሸጊያችን ገበያ የወጣው በዐቢይ ጾም ዋዜማ ነው። «ለየካቲት አድርሱልን» ብለን ነበር። ልጆቹ ቃላቸውን ጠብቀው በቀኑ አደረሱ። ጾሙ መቼ እንደሚገባ እነሱን መጠየቅ አይገባም። የወተት ነጋዴው እኔ ነኝ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከየካቲት 1 አይቀድምም፤ ከመጋቢት 5 አያልፍም። ማንም በባሕረ ሐሳብ የሚያውቀው ቀን ነው። እኛ ግን ጽፈን ስላላየነው አላየነውም። አዲሱ ላስቲክ በአዲስ ስሙ ሱቅ ሲገባ የሰፈሩ ሰው ግማሹ ወተት ከቤቱ አውጥቷል።

በዚያ ወቅት «ሁሉም ሰው» የት አለ? ወተት የሚጠጡ ልጆች አሉ። የሙስሊም ቤተሰቦች አሉ። ፕሮቴስታንቶች አሉ። የታመሙ አሉ። እያንዳንዳቸው በሌላ ሰዓት፣ በሌላ ምክንያት ይገዛሉ። ረቡዕና ዓርብም አለ። ከኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይጀምራል። የወተት ነጋዴ ዓመቱን ሙሉ «ሁሉም ሰው» የሚባል ደንበኛ አግኝቶ አያውቅም።

በኋላ ስንጽፍ አንድ ሰው መረጥን። ልጇን ትምህርት ቤት ከማድረሷ በፊት ጠዋት ሰፈር ሱቅ ቆማ የምትገዛ እናት። ልጇ ከ2 እስከ 7 ዓመቱ ነው። እሷ ራሷ ትጾም ይሆናል፤ ልጇ ግን አይጾምም። አንድ እጇ ልጁን ይዟል። ለማንበብ ያላት ጊዜ ባለሱቁ መልስ እስኪቆጥር ነው። ይህን የሰማ ዲዛይነር ወዲያው የሚያውቀው ነገር አለ። ጽሑፉ አጭር መሆን አለበት። ቀኑ ትልቅ መሆን አለበት። ላስቲኩ ከማቀዝቀዣ መስታወት ጀርባ መለየት አለበት። እኔ ይህን አላዘዝኩም፤ እናቲቱ ናት ያዘዘችው።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይባላል። አንዷን እናት መምረጥ ሌላውን ማባረር አይደለም። ላጤውም ሲመጣ ይገዛል፤ ማንም አይከለክለውም። ማሸጊያው የሚያናግረው ግን አንድ ሰው ነው።

«በጀትህን ደብቅ» ለሚለው

ይህን በፍጥነት ልለፈው። እዚህ ሱሉልታ ግማሹ ሰው ቤት እየሠራ ነው። ግንበኛ ጠርቶ «ቤት ሥራልኝ» ብሎ፣ ጂ ፕላስ ዋን ይሁን ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሳይናገር፣ ያለውን ገንዘብ ደብቆ ዋጋ የሚጠይቅ አላየሁም። ግንበኛው አቅምህን ሳያውቅ መሠረት አያወጣም።

ገንዘብ ሲደበቅ ኤጀንሲው ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ልንከፍለው የማንችለውን ሐሳብ ያመጣል፣ ወይ ፈርቶ ትንሽ ነገር ያመጣል። ጸሐፊው «ካወቁ ያንን ሁሉ ይበሉታል» የሚል ስጋት አላቸው። እንዲህ የሚያደርግ አይጠፋም። መድኃኒቱ ግን በጀቱን ከፋፍሎ መጻፍ ነው። ለዲዛይን ይህን ያህል፣ ለኅትመት ይህን ያህል፣ ለስርጭት ይህን ያህል። 15 በመቶው ቫት ውስጡ አለ ወይስ የለም? ስንት ጊዜ ማስተካከያ ይደረጋል? ኦርጅናል ፋይሉስ የማን ነው? እነዚህ ከተጻፉ የሚበላ ሰው ቀዳዳ ያጣል። ካልተጻፉ በጀት ብትደብቁም ፕሮፎርማው ላይ ያገኛችኋል።

«ብሪፍ የትልልቆች ነገር ነው» ለሚለው

ትልልቆቹም ይህን ሥራ አሳምረው አያውቁትም። በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቤተር ብሪፍስ የተባለ ዓለም አቀፍ ጥናት ወጥቶ ነበር። ከተጠየቁት የማርኬቲንግ ሰዎች 80 በመቶው ጥሩ ብሪፍ እንጽፋለን ብለው ያምናሉ። በዚህ የሚስማሙት ኤጀንሲዎች 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ልዩነቱን ሳነብ እኔና ወንድሜ ካፌው ውስጥ «ጥራት ይታይበት» ስንል ትዝ አለኝ። እኛም የተናገርን መስሎን ነበር።

ትልቅ ድርጅት አንድ ማሸጊያ ቢበላሽበት ሌላ ያሳትማል። ለእኛ የታተመው የላስቲክ ጥቅል መጋዘን ጥግ ቆሞ ሁለት ክረምት አሳለፈ። ማተሚያ ቤቱ ከተወሰነ ኪሎ በታች ስለማይቀበል ከሚያስፈልገን በላይ ነበር ያሳተምነው። ያ ገንዘብ ለገበሬዎቹ በሰዓቱ የምንከፍለው ገንዘብ ነበር። ሁለት ሳምንት አዘገየንባቸው። ትንሽ ነጋዴ ብሪፍ አያስፈልገውም ሲባል የሚያመኝ ለዚህ ነው። አንዴ ብቻ መሳሳት የሚችል ሰው ነው ከማንም በላይ ቀድሞ ማሰብ ያለበት።

ጊዜ የለንም የሚል ካለ፣ የእኛ የመጨረሻው ብሪፍ አንድ ገጽ ነው። በአንድ ምሽት፣ በምግብ ጠረጴዛችን ላይ ጻፍነው። ወንድሜና እኔ ሁለታችንም ፈረምንበት፤ ማታ ለብቻ መደወል ቀረ ማለት ነው። ከሱ የተወሰነውን እዚህ ላስፍረው፤ የፈለገ ይውሰደው።

«ምን እንፈልጋለን፦ ለግማሽ ሊትር እርጎ አዲስ ማሸጊያ።

ለምን፦ ፋሲካ ሲደርስ ወተት ፈላጊው ብዙ ነው፤ በጾሙ ወራት ግን የሚተርፈን ወተት አለ። የተረፈውን ወደ እርጎ ቀይረን ለማይጾሙ ቤተሰቦች ማድረስ እንፈልጋለን። አሁን እርጎአችንን የሚገዙት ማሸጊያው ከወተቱ ጋር ስለሚመሳሰል በስህተት ነው፤ ከዚያ ይመልሱታል።

ለማን፦ ከሥራ ሲመለስ ለቤቱ እራት የሚገዛ አባት። ጊዜው ማታ ነው፤ ሱቁ ደብዛዛ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እንዲያውቅ የምንፈልገው፦ ይህ እርጎ ነው፣ ዛሬ ነው የመጣው።

እንዴት እናውቃለን፦ በ2 ወር ውስጥ በስህተት ተገዝቶ የሚመለሰው መቅረት አለበት። በየቀኑ የሚወስዱ ሱቆችን እንቆጥራለን።

ግዴታ፦ አማርኛና ኦሮምኛ በእኩል መጠን። ከ4 ቀለም አይበልጥም። ጽሑፉ ተያይዟል፤ በዩኒኮድ ነው፤ ኦሮምኛውን ከገበሬዎቻችን ልጆች አንዷ፣ አስተማሪ የሆነችው፣ አይታዋለች።

የሚወስነው፦ ሁለታችን አብረን። አስተያየት በአንድ ወረቀት ይላካል እንጂ በየስልኩ አይነገርም።»

«ለምን» የሚለውን ብቻ ስንጽፍ ሁለት ሰዓት ተከራክረናል። ወንድሜ እርጎው የማይሸጠው ዋጋው ስለሚወደድ ነው ይል ነበር። እኔ አልተስማማሁም። ሁለታችንም ማስረጃ አልነበረንም። ስለዚህ ጽሑፉን አቆምንና የመለሱ ሱቆችን ደብተር አወጣን። ከዚያ ነው «በስህተት» የምትለው ቃል የገባችው።

ለኤጀንሲው ላክንላቸው። ያቺ ያኔ «በምን አወቃችሁ?» ያለችን ሴት አነበበችውና ደወለችልን። ስለ ቀለም አልጠየቀችም። «ሱቁ ደብዛዛ ነው ብላችኋል፤ ስንት ሰዓት ላይ? አምፖሉ የት ጋ ነው?» አለች። ወንድሜ በትክክል መመለስ አልቻለም። በማግስቱ ማምሻ ላይ የኤጀንሲው ዲዛይነር ከማከፋፈያ መኪናችን ጋቢና ወርዳ አዲሱ ገበያ አንድ ሱቅ ደጃፍ ቆመች፤ የሁለቱንም ላስቲክ ይዛ፣ አምፖሉ እስኪበራ እየጠበቀች።